ላይብረሪያችን ለተማሪ ቅሬታ መልስ መስጠት የጀመረው እንዴት ነው

የምሠራው ወሎ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች ባንዱ ላይብረሪ ነው፣ ሰርኩሌሽን ላይ (መጽሐፍ የምናውስበትና የምንመልስበት ክፍል)። የትኛው እንደሆነ ይቅር፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። የሐሳብ መስጫ ሳጥን ድሮም ነበረን፣ በሩ አጠገብ የተሰቀለች፣ ግን ቁልፏ ማን ጋ እንዳለ እንኳን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ተማሪውም ነቅቶባታል መሰለኝ በመጨረሻ ስትከፈት ግማሹ የማስቲካ ልጣጭ ነው የወጣው፣ ከሥር ግን ቁምነገር ያላቸው ወረቀቶች ነበሩ፣ አንዳንዱ የጻፈው ልጅ ተመርቆ ሄዷል። ከዛ በኋላ ነው ይሄን ሥራ እኔና አንዷ ባልደረባዬ የያዝነው።

በመጀመሪያ የመጣውን ሁሉ ለየነው። ዛሬውኑ በእጃችን የምንፈታው አለ፣ ለሌላ ክፍል ደብዳቤ የሚጻፍበት አለ (መብራት፣ ዋይፋይ፣ ጥበቃ ምናምን)፣ ግዢ የሚፈልግ አለ። ጣጣው ያለው ግዢው ጋ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ዕቅድ ደሞ ከዛ ወራት ቀድሞ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ልጁ ግንቦት ላይ «ወንበር ጨምሩ» ብሎ ሲጽፍ የዘንድሮው በጀት አልቋል፣ የከርሞው ዕቅድም ገብቷል። ይሄን ተማሪው በምን ያውቃል? እኛም ነግረነው አናውቅም፣ ለሱ ዝም ያልነው ስለናቅነው ይመስለዋል። አሁን ለግዢ የሚሆን ሐሳብ ታኅሣሥ አካባቢ እኛው አስበን ተማሪውን እንጠይቃለን።

መጽሐፍ ይገዛልኝ የሚለውን ደሞ ወደ ኮሃ አዞርነው። ኮሃ ኒውዚላንድ ውስጥ የተሠራ በነፃ የሚገኝ የላይብረሪ ሶፍትዌር ነው፣ አገራችንም ብዙ ዩኒቨርሲቲ ይጠቀምበታል፣ ግን የግዢ ሐሳብ መቀበያ እንዳለው ብዙ ሰው አያውቅም። ተማሪው በራሱ አካውንት ገብቶ ርዕሱን ይሞላል፣ እኛ ተቀበልነው፣ ታዘዘ፣ አይሆንም ብለን ስንቀይረው ኢሜይሉ ተመዝግቦ ከሆነ ለሱ መልእክት ይሄድለታል። ከወረቀት የሚሻለው ለዚህ ነው፣ ጥያቄው የት እንደደረሰ ይታያል።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን የማስታወቂያ ቦርዱ ነው ባይ ነኝ። ጥያቄውን ራሱን እንዳለ፣ ስድቡን ብቻ አውጥተን፣ ከነመልሱ መለጠፍ ጀመርን፣ ኮፒው ቴሌግራም ቻናላችን ላይ ይወጣል። አንዳንድ ኃላፊ «ገመናችንን ለምን እንለጥፋለን» ብሎ ነበር። እኔ ግን ያየሁት ተማሪ «አይቻልም» ስትለው ያን ያህል አይከፋውም፣ ምክንያቱ ከተነገረው። «24 ሰዓት ክፈቱልን» ለሚለው የለጠፍነው መልስ የሌሊት ፈረቃ የሰው ኃይል እንደሌለን፣ ጄኔሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ እንደማይችል፣ በፈተና ሰሞን ግን እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት እንደምንቆይ ነው። ጭቅጭቁ በዛው በረደ። «በቅርቡ ይስተካከላል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ግን ቦርዱ ላይ ከልክለናታል፣ ወይ ቀን ይጻፍ ወይ አይቻልም ይባል።

ስለ ድምፅ የመጣውን ልንገራችሁ። «ጫጫታ አለ» የሚል ወረቀት በብዛት ነበር የሚገባው፣ እኛም የምናውቀው መፍትሄ እየዞርን «ዝም በሉ እንጂ!» ማለት ነው፣ ሳስበው ከልጆቹ የበለጠ የምንጮኸው እኛው ነበርን ሃሃ። አንዷ ልጅ ግን «ሰው አይደለም የረበሸኝ፣ ወንበሩ ነው» ብላ ጻፈች። ማታ ላይ ሁለተኛ ፎቅ ወጥቼ ተቀመጥኩ፣ እውነቷን ነው፣ የብረት ወንበር ነው፣ እግሩ ላይ የነበረው ፕላስቲክ ረግፎ አልቋል፣ አንዱ ተነስቶ ወንበሩን ሲገፋው ሴራሚኩ ላይ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ያወጣል፣ ቸካዩ ሁሉ ቀና ይላል። ከጎሚስታ ቤት ያረጀ ካላማዳሪ ለመንን፣ ተላላኪያችን በመቀስ እየቆረጠ እግሩ ላይ ጠቅልሎ በቀጭን ሽቦ አሰረው። ንብረት ክፍል «የመንግሥት ንብረት ላይ ያለ ፈቃድ…» ብሎ ትንሽ አጉረምርሞ ነበር፣ አለፈ። ምንም ብር አልወጣበትም። ከዛ ወዲህ ፎርሙ ላይ «ችግሩ የት ቦታ፣ ስንት ሰዓት ላይ» የሚል መስመር ጨመርንበት፣ «ጫጫታ» ብቻ የሚል ወረቀት ለሥራ አይመችም።

«መጽሐፉ የለም» የሚለውም እንደዚሁ ነው፣ ሦስት አይነት «የለም» አለው። አንደኛው ጭራሽ የሌለን፣ እሱ ወደ ግዢ ይሄዳል። ሁለተኛው ሲስተሙ ላይ አለ እያለ ሼልፍ ላይ የሌለ፣ ያው በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ በአካባቢያችን ብዙ ተቋም ተዘርፏል፣ ያለቆጠራ መዝገብን ማመን አይቻልም። ሦስተኛው የተደበቀ ነው። በ2015 ኤግዚት ኤግዛም (ለመመረቅ የሚታለፈው ፈተና) ከመጣ ወዲህ ጂሲው (ተመራቂው) በሙሉ የሚሻማው ጥቂት መጽሐፍ ላይ ነው፣ ጮሌው ልጅ የአካውንቲንጉን ወስዶ ከሕግ መጽሐፎች ኋላ ይሸጉጠዋል፣ ነገ መጥቶ ራሱ ሊያወጣው። ስለዚህ ተፈላጊዎቹን ሪዘርቭ (ከሼልፍ ወጥተው እኛው ጋ የሚቀመጡበት) አስገባናቸው፣ ጠዋት በር ሳይከፈት ደሞ እያንዳንዱ ሠራተኛ የተሰጠውን ሼልፍ በቁጥሩ ቅደም ተከተል ያያል። አሰልቺ ሥራ ነው ወላሂ፣ ግን የጠፋ የተባለው መጽሐፍ አብዛኛው እዛው ቤት ውስጥ ነው የተገኘው።

ሳጥኑ የሚያሰማህ የተናደደውን ብቻ ስለሆነ ትንሽ ሰርቬይም ሞክረናል። ሊብኳል የሚባል አለ፣ የአሜሪካ የምርምር ላይብረሪዎች ማኅበር በ2000 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ 22 ጥያቄ አለው፣ ለእያንዳንዱ ዝቅተኛው የምትቀበለው ስንት ነው፣ የምትመኘው ስንት ነው፣ አሁን የምታገኘው ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል። ሁሉንም አልወሰድነውም፣ ተማሪው ይሰላቻል፣ አሳቡን ብቻ ወስደን ጥቂት ጥያቄ በአማርኛ አዘጋጀን። ጥሩነቱ አንድ ነገር «ጥሩ አይደለም» ስለተባለ ብቻ አትሯሯጥም፣ ከዝቅተኛው በታች የወረደውን ነው የምታስቀድመው። እኛ መጽሐፍ ይሆናል ብለን ስንጠብቅ ከታች የወጣው መቀመጫ ሆነ።

መቀመጫ ማለት ደሞ ቦታ መያዝ ነው። ደብተር ጣል አድርጎ ካፌ፣ ከዛ ዶርም፣ ከዛ እንቅልፍ። አሁን ባዶ ወንበር ላይ ደብተር ስናይ ሰዓት የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት እናስቀምጣለን፣ ከ45 ደቂቃ በኋላም ሰው ከሌለ ደብተሩ ሰርኩሌሽን ይመጣል፣ ቦታው ለሌላ። ረመዳን ሲገባ «ኢፍጣር ወጥተን ስንመለስ ቦታችን የለም» የሚል ወረቀት መጣ፣ ልክ ናቸው፣ ስለዚህ በጾሙ ወር ከመግሪብ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ደብተር አይነሳም ብለን ለጠፍን። አንዱ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ ልጅ መጥቶ «ጋሼ ኢፍጣር ላይ ነበርኩ፣ ደብተሬን ለምን አነሳችሁት» ብሎ ተሟገተኝ፣ ለካ እውነቱን ነው፣ ዶርም ጓደኞቹ ጋ ሲበላ ነበር፣ ወሎ ውስጥ ይሄን ምን ብለህ ትከለክላለህ፣ ሰዓቱም 2 አልሞላም ነበር፣ አንስተን ሰጠነው።