የመቀነስ ምልክት

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ደብሮኛል። ዝናቡ ነው እላለሁ። ዝናቡ አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ የተደወለው ስልክ ነው። ስለ ስልኩ ግን አልጽፍም።

ማታ ትንሿ ባለ ካሬ ደብተሯን ይዛ መጣች።

«አክስቴ፣ ቬክተር ትችያለሽ?»

«እኔ ያልቻልኩትን ማን ሊችለው!» አልኳት። አፌ አያርፍም።

ቬክተር ማለት ርዝመትና አቅጣጫ ያለው ቀስት ነው። መደመሩስ አላሳፈረኝም። አራት ካሬ ወደ ቀኝ፣ አንድ ወደ ላይ። የሁለተኛውን ቀስት ጭራ ከመጀመሪያው ጫፍ ላይ ትቀጥያለሽ፤ አንድ ወደ ግራ፣ ሦስት ወደ ላይ። የደረስንበት 3 እና 4። ከመነሻው በቀጥታ ሲለካ 5። ሁለተኛውን አስቀድመሽ ብትሄጂም እዚያው ነው የምትደርሺው አልኳት። ሞከረችው፣ ደረሰች። ደስ ብሎኝ ቡና አፈላሁ፤ በዚያ ሰዓት!

ተራ ቁጥር 4 መቀነስ ነበር። ሀ እና ለ የሚባሉ ሁለት ቀስቶች ከአንድ ቦታ ሲነሱ፣ ሀ ሲቀነስ ለ ማለት ከለ ጫፍ ተነስቶ ሀ ጫፍ ላይ የሚያርፍ ቀስት ነው። ለ ሲቀነስ ሀ ካልሽው ርዝመቱም ያው፣ መስመሩም ያው፤ ቀስቱ ብቻ ፊቱን ያዞራል። ይህን እያስረዳሁ ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። በስልክ ስንጨቃጨቅ የዋልነው ይህንኑ አይደል እንዴ? የትንሿ እናት «እናንተ ራቃችሁኝ» ትላለች። እኔ «የሄድሽው አንቺ» እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ልጅቷንም የቤት ሥራዋንም ረሳሁ። እስክሪብቶ አንስቼ ደብተሯ ላይ ጀመርኩ። አዲስ አበባ በግምት 9 ዲግሪ ሰሜን፣ 39 ምሥራቅ። ዋሽንግተን 39 ሰሜን፣ 77 ምዕራብ። (39 ሁለታችንም ጋ አለች። የእኛ ምሥራቅ የእሷ ሰሜን ሆና። ለብቻዬ ሳቅኩ።) ወደ ላይ 30 ዲግሪ፣ ወደ ጎን 38። ቀስቱን አሰመርኩት። ያን ያህል እኮ ሩቅ አይደለችም!

መሬት ካሬ ወረቀት እንዳልሆነች አውቃለሁ። አንዱ የኬንትሮስ ዲግሪ ምድር ወገብ ላይ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን እሷ ጋ ሲደርስ ወደ 86 ይወርዳል። ይህም ይበልጥ አጽናናኝ። ሰው ሲከፋው በምን እንደሚጽናና!

ደግሞ ሌላ መጣብኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት መጥታ ሦስት ሳምንት ቆይታ ተመለሰች። መምጫዋን ከመሄጃዋ ጋር ብንደምረው ዜሮ ነው። የትም አልሄደችም ማለት ነው። ግን ቦሌ ላይ ስትመጣም ስትሄድም ተላቅሰናል። እሱን የት ካሬ ላይ ነው የሚያሰምሩት?

«አክስቴ» አለች ትንሿ። ለካ አጠገቤ ናት። «ምዕራብ ኔጌቲቭ አይደል?»

ዝም አልኩ። ኔጌቲቭ 77 ሲቀነስ 39፣ ኔጌቲቭ 116 ነው። 116! እኔ 77ን ከነምልክቱ ትቼ 39 ቀንሼለት 38 አድርጌዋለሁ። ትንሿ ስልኳን አውጥታ የእኔን ቀስት ካርታ ላይ ተከተለችው። 39 ሰሜን፣ 1 ምሥራቅ። ሜዲትራኒያን ባሕር፣ ኢቢዛ ከሚባለው ደሴት አጠገብ።

«እማዬን ባሕር ከተትሻት!» ብላ እስኪያማት ሳቀች። ላጲሷን አቀበለችኝና ልትተኛ ሄደች።

ተራ ቁጥር 4 አሁንም አልተሠራም። የእሷ ገጽ ላይ ያለው የእኔ ባሕር ብቻ ነው፤ በእስክሪብቶ ስለሆነ ላጲሱም አልጠቀመኝ። እዚያ ገና ቀን ነው። መደወል እችላለሁ። ምን ብዬ ነው ግን የምጀምረው?