ባዶውን የመለስኩት የምሳ ፎርም

ልጄ ሦስተኛ ክፍል እያለች ንባብ የምታግዛት አስተማሪ ነበረቻት። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የዚያች ሴት መደብ ለመጪው ዓመት እንደተሰረዘ ሰማን። ለምን? በጀት። ከዚያ በላይ ያስረዳን የለም። በጣም ተናደድኩ። የምንኖርበት ሜሪላንድ ሀብታም ከሚባሉት የአሜሪካ ስቴቶች አንዱ ነው፣ ታክሱንም እንከፍላለን፣ ታዲያ ገንዘቡ የት ነው የሚሄደው? ክረምቱን ሙሉ ከሥራ መልስ በጀት ሳነብ ከረምኩ።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት ከገጽ አንድ መጀመሬ ነው። የካውንቲው (በስቴቱ ሥር ያለው የአካባቢያችን አስተዳደር) የትምህርት በጀት በመቶዎች የሚቆጠር ገጽ አለው፤ ሁለት ሳምንት ታግዬ ምንም አልጨበጥኩም። በኋላ ከታች ጀመርኩ፣ ከራሷ ከልጄ ትምህርት ቤት፦ ስንት አስተማሪ አለ፣ የማን ደመወዝ ከየት ይመጣል። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ከፌዴራል መንግሥት የሚመጣው ትንሹ ነው። ዋናው የስቴቱና የካውንቲው ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚታሰብ መነሻ አለ፤ በ2024 የበጀት ዓመት 8,642 ዶላር ነበር። ሁለቱ ይካፈሉታል፣ ካውንቲው ሀብታም በሆነ ቁጥር የስቴቱ ድርሻ ያንሳል። በዚህ ላይ እንግሊዝኛ ገና ለሚለምድ ልጅ፣ ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው፣ ገቢው ዝቅ ካለ ቤት ለሚመጣም ልጅ ተጨማሪ ይታሰባል። በ2021 የስቴቱ ምክር ቤት የያኔውን ገዢ የላሪ ሆጋንን ቬቶ ሽሮ ያጸደቀው ብሉፕሪንት የሚሉት የትምህርት ሕግ ደግሞ ከዚህ ገንዘብ ቢያንስ 75 በመቶው ልጁ ወደሚማርበት ትምህርት ቤት መውረድ አለበት ይላል።

እሺ፣ የቤታችን ገቢ ዝቅ ያለ መሆኑ በምን ይታወቃል? አንዱ ዋና መንገድ ትምህርት ቤቱ ለነፃ ወይም ለቅናሽ ምሳ የሚያስሞላው የገቢ ፎርም ነው፣ ፍሪ ላንች የምንለው። ፉድ ስታምፕ፣ ማለትም የመንግሥት የምግብ ድጋፍ የሚያገኝ ቤተሰብ ልጅ ያለ ፎርም ይቆጠራል። ሌላው ግን ፎርሙን ካልሞላ ሳይቆጠር ሊቀር ይችላል።

እዚህ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀመጥኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ፎርም ባዶውን ነበር የምመልሰው። ልጄ ምሳዋን ከቤት ነው የምትይዘው፣ ምን አገባኝ ብዬ። እውነቱን ለመናገር ኩራትም ነበረበት። ገቢያችን ግን ከድህነት መስመሩ 185 በመቶ በታች ነበር፣ ማለትም በቅናሽ ምሳ ከሚቆጠሩት ውስጥ እንገባ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ከሦስት እናቶች ጋር ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ትምህርት በር ላይ ፎርም ማስሞላት ጀመርን። አንድ ትልቅ ሰው፣ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያመጡ፣ "እኔ ልጆቼን ለማኝ አላደርግም" አሉኝ። ልክ እኔ ሳስብ የነበረውን። "ጋሼ፣ ልጆቹ ምሳውን ባይበሉትም ግድ የለም፣ አስተማሪ የሚቀጠርበት ቁጥር ውስጥ እንዲገቡ ነው" አልኳቸው። ዝም አሉ። ሌሎቹን ያስፈራቸው የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ ነበር። ፎርሙ ስለ ኢሚግሬሽን አይጠይቅም፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለውም የለኝም የሚለውን ሳጥን ምልክት ያደርጋል። ይህንን ቁጭ ብሎ በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው ነው የጎደለው።

በመሃል ቤት ቀይረን ጥሩ ትምህርት ቤት ወዳለበት ሰፈር እንሂድ የሚል ክርክርም ቤታችን ውስጥ ነበር። ስቴቱ ለየትምህርት ቤቱ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል፤ የኛ ሦስት ነው። ወገኖቻችን ኮከቡን አይተው ከአቅማቸው በላይ ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ውስጥ ይገባሉ። እኔ ውስጡን ከፍቼ አየሁት። ፈተናውን ስንቱ አለፈ የሚለው አንድ ነገር ነው፣ ልጆቹ ከአምናው ምን ያህል አደጉ የሚለው ሌላ። በ2024 በመላው ሜሪላንድ በሂሳብ የሚጠበቀውን ያሟላው ከአራት ተማሪ አንድ ገደማ ነው፣ ስለዚህ የኛን ብቻ ነጥሎ መውቀስ ልክ አይደለም። በእድገቱ ግን የኛ ትምህርት ቤት ደህና ነበር። አልቀየርንም።

የካውንቲው የትምህርት ቦርድ ፊት ሁለት ጊዜ ተናግሬያለሁ። መጀመሪያ ስለ ፍትሕ አወራሁ፣ ስሜቴ አሸነፈኝ፣ ሁለት ደቂቃዬ አለቀ፣ አመሰገኑኝ። በዓመቱ ስሄድ የንባብ አስተማሪዋን መደብ ብቻ ይዤ ሄድኩ፣ የበጀቱን ገጽ ቁጥር፣ የተሰረዘበትን መስመርና ስንት ልጅ እንደሚነካ። አንዷ የቦርድ አባል ገጹን ገልጣ አየችው። በግንቦት በጀቱ ሲጸድቅ ግማሽ መደብ ተመለሰ። በእኔ ምክንያት ነው አልልም፣ ሌሎች ወላጆችም ጽፈው ነበር። ግማሽ መደብ ማለት ግን በሳምንት ሁለት ቀን ተኩል ከልጆቹ ጋር የሚቀመጥ ሰው ማለት ነው።

ዘንድሮ ፎርሙ ሲመጣ በዚያው ማታ ሞላሁት። በማግስቱ ጋሼ ደወሉ። ሦስተኛው መስመር ላይ የልጃቸውን የትርፍ ሰዓት ክፍያ መጨመር አለባቸው ወይ ብለው ነው። አዎ፣ ይጨመራል።