ደብል ክሊክ የቆረጠው የሙሽራ መግቢያ

ጅማ ውስጥ፣ አንድ የሰርግ አዳራሽ። ሙሽሮቹ ከበሩ እስከ መድረኩ ያለውን ምንጣፍ ገና አጋምሰዋል፤ ዘፈኑ ደምቋል፣ እልልታው ቀልጧል። ሙዚቃ የሚያጫውተው ልጅ ላፕቶፑን ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ አስቀምጦ ቀጣዩን ዘፈን ይፈልጋል። ፍላሹ ውስጥ «ትራክ 07» የሚባል ፋይል በሦስት ፎልደር ሦስት ቦታ አለ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንዱን ደብል ክሊክ አደረገው። ሲጫወት የነበረው ዘፈን እንደ ክር ተበጠሰና ከአራቱም ስፒከር «ቻናላችንን ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳይረሱ!» የሚል ድምፅ ወጣ።

ሙሽራዋ እግሯን አንስታ ቀረች። ሳውንዱን የያዙት ሰውዬ ሮጠው ፌደሩን (የሚክሰሩን ድምፅ ማንሻና ማውረጃ) እስኪያወርዱት ድረስ ማስታወቂያው መልእክቱን አድርሶ ጨርሷል።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ልሰማው ብዬ ነው» አለ ልጁ።

«በምን ልትሰማው?» አሉት።

ሄድፎኑ አንገቱ ላይ ነበር፤ ጃኩ ግን የትም አልተሰካም። ላፕቶፑ ያለው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ እሱንም ወደ ሚክሰሩ የሚሄደው ገመድ ይዞታል።

ጥፋቱን ልጁ የሚያጫውትበት የፊልምና የሙዚቃ ማጫወቻ፣ ቪኤልሲ፣ ላይ መለጠፍ አይገባም። ቪኤልሲ እየተጫወተ ሳለ ከፎልደር ውስጥ ሌላ ፋይል ደብል ክሊክ ሲደረግ፣ የነበረውን አውርዶ አዲሱን በቦታው ይጭናል፤ ሲጫን ጀምሮ የተስተካከለው እንዲህ ነው። ቤቱ ተቀምጦ ፊልም ለሚያይ ሰው የሚበጀውም ይኸው ነው፤ ሁለት ፊልም አንድ ላይ ማን ያያል? ምርጫውን ፕሪፈረንስ ከፍቶ ኢንተርፌስ ከሚለው ገጽ ማጥፋት ይቻላል። ለዲጄ ግን ማጥፋቱ ይብሳል፤ ያኔ ሁለቱም ዘፈን ተደራርቦ አዳራሹን ይሞላዋል። «ሁለት መስኮት ከፍቼ አንዱን በዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ለሄድፎን አወጣዋለሁ» የሚልም አለ። ይሠራል፤ ኦዲዮ ከሚለው ሜኑ የሚወጣበትን ዕቃ መምረጥ ይቻላል። ችግሩ የሰማኸውን ዘፈን ወደ አዳራሹ ስታሻግረው ነው፤ ካቆምክበት ነጥብ በፌደር አይገባልህም፣ መስኮት እየቀያየርክ በማውዝ ስትሯሯጥ ሰርገኛው ቁሞ ይጠብቅሃል።

ስለ ዲጄ ሶፍትዌር ሲወራ ሰው የሚያነሳው ሲንክ (የሁለት ዘፈን ምት በራሱ ማገጣጠም) እና ኢፌክት ነው። ለእኛ ሰርግ እነዚህ ቅመም ናቸው። ወጡ ሁለተኛው መውጫ ነው፦ ዘፈኑን ሕዝቡ ሳይሰማው አንተ መስማትህ። ሴራቶም ሆነ ቨርቹዋል ዲጄ ይህን ያደርጋሉ። ገንዘብ ማውጣት ለማይፈልግ ሚክስክስ አለ፤ ነፃ ነው፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይጫናል።

አገጣጠሙ ይኼ ነው። አራት የድምፅ መውጫ ያለው ዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ይሰካል። ፕሪፈረንስ ውስጥ ሳውንድ ሃርድዌር የሚለው ገጽ ላይ ዋናው ድምፅ ለቻናል 1ና 2፣ ሄድፎኑ ለቻናል 3ና 4 ይሰጣል። 1ና 2 ወደ ሚክሰሩ፣ 3ና 4 ወደ ጆሮ። ከዚያ በኋላ በየዴኩ (ዘፈን በሚጫንበት በየማጫወቻው) ላይ ያለችውን የሄድፎን ምልክት መጫን ብቻ ነው፤ ያ ዴክ ፌደሩ ወርዶ እያለም ጆሮህ ውስጥ ይገባል። ሳውንድ ካርድ ከሌለ የዲጄ ስፕሊተር የሚባለው ገመድ ያገለግላል፤ የላፕቶፑን ግራና ቀኝ ለያይቶ አንዱን ለአዳራሹ፣ ሌላውን ለሄድፎን ይሰጣል። ሁለቱም ሞኖ፣ ማለትም ግራና ቀኝ የሌለው አንድ ድምፅ፣ ይሆናሉ፤ በሰርግ አዳራሽ ውስጥ ሞኖ መሆኑ ማንንም አይጎዳም፣ እንዲያውም ጥግ የተቀመጠው እንግዳ ግማሽ ዘፈን ከመስማት ይድናል። ገበያ ላይ ግን መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ሁለት ሄድፎን ለማዳረስ የተሠራ ማከፋፈያ አለ። እሱ ያንኑ ድምፅ ለሁለት ያባዛል እንጂ አይለይም። ከመግዛትህ በፊት ስልክህ ላይ ሰክተህ ግራውን ብቻ የሚያጫውት ሙከራ ክፈት፤ በሁለቱም ጫፍ ከሰማኸው መልሰው።

ሌላው ደግሞ፣ ሚክስክስ፣ ምርጫውን ካልቀየርክበት በቀር፣ እየተጫወተ ያለ ዴክ ላይ ዘፈን ልጫን ብትለው እምቢ ይላል። ያቺ አንዲት እምቢታ ብትኖር ኖሮ ሙሽራዋ ምንጣፉን ትጨርስ ነበር። ከኢንተርኔት የወረደውን ፋይል ጭነህ የማስታወቂያው ወሬ የሚያልቅበት ቦታ፣ ለምሳሌ 0:14 ላይ፣ ሆት ኪዩ (በአንድ ቁልፍ የሚጠራ ምልክት) ታደርግለታለህ። ቁልፉን ስትጫነው ከከበሮው ይጀምራል። ሚዲያ ፕሌየር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ ነው።

የዚያ ቀን ሁለተኛው ጉዳት በጆሮ ብቻ የሚታወቅ ነበር። ከካሴት የተገለበጠ የድሮ ዘፈን ድምፁ ዝቅ ሲልበት ልጁ የቪኤልሲውን ቮልዩም 125 በመቶ አደረሰው። ከመቶ በላይ ያለው ትርፍ ጉልበት አይደለም፤ ከፍ ያለ ዘፈን ሲገባ የድምፁን ሞገድ ጫፍ ጣሪያ ላይ እያጋጨ መቁረጥ ነው። የተቆረጠው ሞገድ ቀጫጭን ድምፅ ይበዛበታል፣ መጀመሪያ የሚያቃጥለውም ትዊተሩን፣ ቀጭን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን ስፒከር፣ ነው። ቀጥሎ አዲስ ዘፈን ሲገባ እዚያው 125 ላይ ጠበቀው፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት እናቶች ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ጫኑ። የፕሌየሩም የዊንዶውሱም ቮልዩም 100 ላይ ወይም ከዚያ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ማሳደጉን ለሚክሰሩ ተውለት። ሚክስክስ ዘፈኑን ሲተነትን ከፍታውን ለክቶ የድሮውንና የአዲሱን ያቀራርባል፤ ግን ትንተናው ጊዜ ይፈጃል፣ ስለዚህ ሙሉውን ፍላሽ ማታውን አስተንትነህ እደር።

ሲንክን በተመለከተ፣ አጥፋው። ፕሮግራሞቹ ምቱን የሚቆጥሩት በአራት በአራት ነው። የእኛ ችክቺካ ግን ስድስት ስምንተኛ ነው፤ ስድስቱን ምት እግር በሁለት ይከፍለዋል። እግር የሚመታው በደቂቃ 90 የሆነውን ዘፈን ፕሮግራሙ 135 ብሎ ቢያነበው አትገረም፤ ያንኑ ስድስት ምት በሁለት ሳይሆን በሦስት ከፍሎ ቆጥሮት ነው። እሱን ይዘህ ሲንክ ብትጫን ዘፋኙ ወይ ይንጰረጰራል ወይ ያንቀላፋል። በሰው እጅ የተመታ ከበሮም መሃሉ ላይ ይፈጥናል፤ ቀጥ ያለ መስመር አይከተልም። ፍጥነት መቀየር ካስፈለገ ከ3 በመቶ ባትዘል ይሻላል። የኦሮምኛውን ጨዋታ ከጉራግኛው ለማገናኘት ከምንም በላይ የሚጠቅመው ቀጣዩን በሄድፎን አዘጋጅቶ፣ ጭብጨባው ሲደምቅ ጠብቆ በአንዴ መቁረጥ ነው።

በበፈር፣ ማለትም ላፕቶፑ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት በሚያጠራቅመው መጠን፣ ሰው በከንቱ ይጨነቃል። በ44,100 ኸርዝ 256 ሳምፕል (የድምፅ ቁራጭ) 6 ሚሊሰከንድ ያህል መዘግየት ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕ እዚያ ላይ ይንጣጣል። በማውዝ ለሚያጫውት 2,048 ቢሆን፣ ማለትም ወደ 46 ሚሊሰከንድ፣ ማንም አያውቅበትም። ብሉቱዝ ግን ለሄድፎንም አይሁን፤ ዘግይቶ ይደርሳል።

ከሥራው በፊት የዊንዶውስን ድምፆች «ኖ ሳውንድስ» ላይ አድርግ፣ ቴሌግራምን ዝጋ፣ ዋይፋይ አጥፋ። ቻርጀር ሲሰካ ስፒከሩ «ዥ» ካለ ላፕቶፑን በባትሪ ሞክረው፤ ከጠፋ ችግሩ የመሬት መስመሩ ነውና እሱን የሚለያይ ዲአይ ቦክስ የሚባል ዕቃ በላፕቶፑና በሚክሰሩ መሃል ይግባ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑና ሳውንድ ካርዱ በባትሪ ይቀጥላሉ፣ ሚክሰሩና አምፕሊፋየሩ ይጠፋሉ። ስለዚህ ጀኔሬተሩ ከመነሳቱ በፊት ዋናው ፌደር ይውረድ፣ አምፕሊፋየሩ በመጨረሻ ይብራ። ይህን ያላደረገ ሰው «ዷ» የሚለውን ድምፅ ያውቀዋል።

ሚዲያ ፕሌየሩስ? ምሳ ላይ ሰው እየበላ ዝቅ ብሎ ለሚሰማ ሙዚቃ ከእሱ የተሻለ የለም፤ ዲጄውም ሄዶ ይብላ። ከዚያም በኋላ የአንድ ሰዓት ዘፈን በተርታ የያዘ ስልክ የሚክሰሩ ሌላ ቻናል ላይ ተሰክቶ ይቀመጥ፤ ላፕቶፑ ቢደርቅ ፌደሩን ማንሳት ብቻ ነው። ስልኩ ኤርፕሌን ሞድ ላይ መሆኑን አረጋግጥ፤ አለበለዚያ ኬክ ሲቆረስ ከአጋሮ የተደወለ ጥሪ በአራቱም ስፒከር ይጠራል።