ሸዋ ሆኜ «ሽዋ»ን ፍለጋ፦ የድምፅ ትምህርት መማሪያ የመረጥሁበት መንገድ

መሐል ሜዳ እንግሊዝኛ ማስተማር በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ስለ ምግብ የሚያወራ ምንባብ ሳነብ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ፊልም ላይ ግን ‹ቬጅተብል› ነው የሚሉት» አለችኝ። እኔ ያነበብሁት «ቬጂቴብል» ብዬ ነበር፤ ያውም «ቴ»ዋን ረገጥ አድርጌ። ክፍሉ አልሳቀም፤ ቢስቁብኝ ይቀለኝ ነበር። ማታ መዝገበ ቃላት ገልጬ ሳየው ልጅቷ ልክ ነበረች። የሰዋስው ሕግ ለመሸምደድ ብዙ ዓመት ያጠፋሁ ሰው፣ ድምፅን ግን አንድም ቀን ተቀምጬ እንዳልተማርሁ የገባኝ ያን ምሽት ነው።

በቀጣዩ ወር ደብረ ብርሃን ወርጄ ያገኘሁትን ሁሉ ሰበሰብሁ። የእንግሊዝኛ ቃላትን አነባበብ በአማርኛ ፊደል የሚያሳይ ከመንገድ ዳር የገዛሁት ትንሽ መጽሐፍ፣ አንድ የድሮ የአነባበብ መዝገበ ቃላት ፎቶ ኮፒ፣ ከጓደኛዬ የተዋስሁት ወፍራም የዩኒቨርሲቲ መማሪያ፣ በስልኬም ላይ የተጫኑ በርካታ ቪዲዮዎች ነበሩኝ። ከሁለት ወር በኋላ ሁሉንም ጀምሬ አንዱንም አልጨረስሁም፤ ይባስ ብሎ አንዱ ያስተማረኝን ሌላው ያፈርስብኝ ነበር።

መጀመሪያ የጣልሁት ያችን የመንገድ ዳር መጽሐፍ ነው። ለጀማሪ ደስ ትላለች፤ ፊደሉ የራሳችን ነው፣ ወዲያው ይነበባል። ነገር ግን በእንግሊዝኛ መርከብ የሚባለውንና በግ የሚባለውን ሁለት ቃል ሁለቱንም «ሺፕ» ብላ ትጽፋቸዋለች። በጉ ስሙ በገነነበት በመንዝ ምድር፣ ከተማሪዎቼ አንዳቸውም መርከብ በዓይናቸው ሳያዩ፣ ሁለቱን ማምታታት ቀልድ ቢመስልም ጉድለቱ መሠረታዊ ነው። አማርኛ ሰባት አናባቢዎች አሉት፤ በመማሪያዎች የሚቀርበው የደቡብ እንግሊዝ መደበኛ አነጋገር ደግሞ ጥንዶቹን (ሁለት አናባቢ ተዋሕደው እንደ አንድ የሚነገሩትን) ጨምሮ በተለመደው አቆጣጠር 20 አናባቢዎች አሉት። ሃያውን በሰባት ቤት ለማሳደር የሚሞክር መጽሐፍ፣ አንባቢው የሚያውቀውን ድምፅ መልሶ ከማስነበብ አያልፍም።

ከዚያ ወደ ፎቶ ኮፒው ዞርሁ። የመዝገበ ቃላቱ መነሻ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መምህር የነበረው ዳንኤል ጆንስ በ1917 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሥራ ሲሆን፣ እኔ እጅ የገባው ከቀደምት እትሞቹ አንዱ ነበር። በእነዚያ እትሞች የመርከቡና የበጉ አናባቢ የሚጻፈው በአንድ ዓይነት ፊደል ሆኖ፣ የበጉን የሚለየው የርዝመት ምልክት የሆኑት ሁለት ነጥቦች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ልዩነቱ የርዝመት ብቻ ነው ብዬ አመንሁ፤ ተማሪዎቼንም «ለበጉ ጎተት አድርጉት» እያልሁ አንድ ሙሉ ሴሚስተር አስተማርሁ። ኋላ ላይ እንደተረዳሁት፣ የበጉን ስንል ምላስ ወደ ላይና ወደ ፊት ይጠጋል፣ ከንፈርም ይለጠጣል፤ የመርከቡን ስንል ግን ምላስ ዝቅ ብሎ ይዝናናል። እንዲያውም ረጅሙ አናባቢ እንደ «ፕ» ካለ ነዛሪ ያልሆነ (ጉሮሮ ሳይርገበገብ የሚነገር) ተነባቢ በፊት ሲገባ ስለሚያጥር፣ በርዝመት ብቻ የተማመነ ተማሪ ሁለቱን ቃላት መልሶ ያቀላቅላቸዋል። ይኸው መዝገበ ቃላት በጊምሰን አርታኢነት በ1977 እ.ኤ.አ. በወጣው እትም ሁለቱን አናባቢዎች በተለያየ ምልክት መጻፍ ጀምሯል። የቀድሞው አጻጻፍ ስሕተት አልነበረም፤ አጠቃቀሙ መቅድሙ ላይ ተብራርቷል። እኔ ግን መቅድም አላነብም ነበር።

ከዚህ የባሰም አለ። በፎቶ ኮፒው ላይ ከብዙ ቃላት መካከል ጥቃቅን ሰረዞች ከፍ ብለው ይታዩ ነበር፤ የማሽኑ ቆሻሻ መስለውኝ አንዳንዶቹን በላጲስ ለማጥፋት ሞክሬያለሁ። ለካ የቃሉ ክብደት የሚያርፍበትን ቀለም፣ ማለትም ከቃሉ ክፍሎች መካከል ረገጥ ተደርጎ የሚነገረውን፣ የሚያመለክቱት እነርሱ ኖረዋል።

ወፍራሙ መማሪያ ዓለም አቀፉን የድምፅ ፊደል በሚገባ ያስተዋውቃል። ይህን ፊደል ያዘጋጀው ማኅበር በ1886 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ሲመሠረት ጀማሪዎቹ በፖል ፓሲ የሚመሩ የቋንቋ መምህራን እንደነበሩ ሳነብ፣ ነገሩ የሊቃውንት ብቻ ሳይሆን የእኔ ቢጤ የክፍል መምህራን ጣጣ መሆኑን አይቼ ተበረታታሁ። በዚያው መማሪያ በእንግሊዝኛ እጅግ ተደጋግሞ የሚመጣውን፣ ክብደት የማያርፍበትን አናባቢ አገኘሁ። ምልክቱ የተገለበጠች የላቲን «e» ናት፤ ስሙ ከዕብራይስጥ ሰዋስው የመጣ ሆኖ «ሽዋ» ይባላል። የሸዋ ሰው ሆኖ ሽዋን አለማወቅ ያሳፍራል ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ተማሪዬ «ቬጅተብል» ስትል በ«ተ» ላይ ያሰማችው እርሱን ነበር፤ ከእኛ የግዕዝ ድምፅ ጋር ፍጹም አንድ ባይሆንም ከ«ቴ» ይልቅ ለ«ተ» ይቀርባል።

እዚህም ግን አንድ ወጥመድ ገጠመኝ። የአማርኛን ድምፆች በላቲን ከሚጽፉ ምሁራን መካከል እንደ ቮልፍ ሌስላው ያሉት ያችን የተገለበጠች ምልክት ለሳድሱ ድምፅ፣ ማለትም በ«ልብ» ውስጥ «ል» ላይ ለምንሰማው ሲጠቀሙባት፣ ሌሎች ደግሞ ለግዕዙ ለ«ለ» ይጠቀሙባታል። ሁለቱን ዓይነት ጽሑፍ እያፈራረቅሁ ሳነብ ለሳምንታት ግራ ተጋባሁ። ከዚያ ወዲህ የምልክቶቹን ማብራሪያ ገጽ ሳላነብ ወደ ምዕራፍ አንድ አልሄድም፤ ማብራሪያ ገጽ የሌለውን መጽሐፍ ደግሞ በነጻ ቢሰጡኝም አልወስድም።

ሥራው መስመር የያዘው ከእንግሊዝኛው ለጥቂት ጊዜ ዞር ብዬ የገዛ ቋንቋዬን ድምፆች ሳጠና ነው። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ሌላ፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ መሆኑን፣ «ዋና» ላልቶ የውኃው፣ ጠብቆ የበላዩ መሆኑን ልጅም ያውቀዋል። ፊደላችን ግን ይህን አይጽፍም። የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲዎቹ ፖል ቡርስማና ዳቪድ ዌኒንክ የሠሩትን፣ በነጻ የሚገኘውንና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን «ፕራት» የተባለ ድምፅን በሥዕል የሚያሳይ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ጭኜ ሁለቱን «ዋና» ቀዳሁ፤ በሚጠብቀው ቃል ውስጥ የ«ና» ተነባቢ ተለጥጦ በዓይኔ አየሁት። ወዲያው የራሴን እንግሊዝኛ ቀድቼ ስመለከት፣ ሁለት «ቲ» ተከታትለው የሚጻፉበትን «ሌተር» የሚለውን ቃል «ተ»ውን አጥብቄ የምናገር ሆኜ አገኘሁት። በእንግሊዝኛ በአንድ ቃል ውስጥ የፊደል መደገም ድምፁን አያጠብቅም። ይህን ስሕተቴን የትኛውም ከውጭ የመጣ መማሪያ አልነገረኝም፤ አማርኛ ተናጋሪን አስበው አልጻፉትምና።

አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ጧፍ አብርቼ ሳነብ፣ መማሪያው በእንግሊዝኛ ቃል መጀመሪያ ላይ ያለ «ፕ» ትንፋሽ ይከተለዋል፣ ከ«ስ» በኋላ ሲመጣ ግን አይከተለውም ይላል። ጧፉን ወደ አፌ አስጠግቼ «ፒን» ስል ነበልባሉ ጎንበስ አለ። «ስፒን» ስል ግን እምብዛም አልተነቃነቀም። ቀጥዬ «ጴጥሮስ» አልሁ፤ «ጴ» ጉሮሮ ተዘግቶ የሚፈነዳ ድምፅ ስለሆነ እንደ «ፒን» ያለ የትንፋሽ ግፊት አልነበረውም። የብዙ ገጽ ንባብ ያላስጨበጠኝን ነገር በጥቂት ሳንቲም ጧፍ ጨበጥሁት፤ ከዚያ በኋላ የመማሪያ መጽሐፍ ሳገላብጥ አስቀድሜ የምፈልገው በገዛ አፍና ጆሮ የሚሞከር ነገር ማዘዙን ነው።

የቃል ክብደትን ጉዳይ ያቀለሉልኝ ደግሞ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩት አጎቴ ናቸው። «ፎቶግራፍ» ሲባል ክብደቱ በመጀመሪያው ቀለም ላይ እንደሚያርፍ፣ «ፎቶግራፊ» ሲሆን ወደ ሁለተኛው፣ «ፎቶግራፊክ» ሲሆን ወደ ሦስተኛው እንደሚዘዋወር፣ ክብደት ያጡት አናባቢዎችም በአብዛኛው ወደ ሽዋ እንደሚደበዝዙ ስነግራቸው፣ «እንግዲያ እንግሊዝኛም ተነሽና ወዳቂ አለዋ!» አሉኝ። በግዕዝ ንባብ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉትን ስልቶች ያሳሳተ ልጅ እንዴት ወዲያው እንደሚቆም፣ ቃሉንም ደጋግሞ እንደሚያነብ ነገሩኝ። ስልቶቹ ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ያ የማቆምና የማስደገም ዘዴ፣ ስልኬ ላይ ካጠራቀምኋቸው ቪዲዮዎች ከአብዛኞቹ የተሻለ ትምህርት ሆኖኛል፤ ቪዲዮው አያቆመኝምና።

ቪዲዮዎቹን ያጣራሁበት ምክንያት የዳታ ዋጋ ብቻ አይደለም። አንዱ አሜሪካዊ፣ ሌላው እንግሊዛዊ እየሆነ «ካር» በሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ያለው «ር» ሲሰማና ሲጠፋ አብሬ ስዋልል ከረምሁ። እኛ «ር»ን የምንውጥ ሰዎች ስላልሆንን፣ ድምፁን የሚጠብቀውን አሜሪካዊውን አነጋገር ለልምምድ መረጥሁ። ምልክቱና የተቀዳው ድምፅ አንድ ዓይነት አነጋገር የሚከተሉበት፣ ስልክ ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ አንድ መዝገበ ቃላት አስቀርቼ የቀሩትን አጠፋሁ። ያ ወፍራም መማሪያ የእንግሊዞችን አነጋገር የሚከተል ቢሆንም አልጣልሁትም፤ ስለ ምላስና ስለ ከንፈር ሁኔታ ሲያብራራ የሚስተካከለው አላገኘሁምና ለዚያ ብቻ እገልጠዋለሁ።

ምላስ በጥርሶች መካከል ወጣ ብሎ የሚነገረው ድምፅ አሁንም ሲቸኩለኝ «ስ» ይሆንብኛል፤ «ማሰብ» ልል «መስጠም» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ያመልጠኛል። ባለፈው ሳምንትም ክፍል ውስጥ አመለጠኝ፤ ያች የያኔዋ ተማሪ፣ አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች፣ ምንም ሳትናገር የምላሷን ጫፍ በጥርሶቿ መካከል ብቅ አድርጋ አሳየችኝ። ቃሉን ደግሜ አነበብሁት።