ድርብ ስፌት

ትናንት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ናት፤ ግን ከ2500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ወደ 1850 ገደማ ነው ይዛህ የምትወርደው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር በጃኬት ተሳፍረን ኮምቦልቻ ስንደርስ ጃኬቱ ሸክም ሆነብን።

የሰፈር ቡድኖች የእግር ኳስ ውድድር ነው። ኮምቦልቻዎች ደግሞ የቆዩ ባላንጣዎቻችን ናቸው። ለእረፍት አስር ደቂቃ ሲቀር የበረኛችን ጫማ ሶሉ አፉን ከፈተ። ቅያሪ ጫማ የለም። (ቅያሪ በረኛም የለም፤ ሠርግ ሄዷል።)

በእረፍት ሰዓት ሜዳው ዳር ለተቀመጠ ሊስትሮ ሰጠነው። ቢበዛ አስራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ልጁ የእነሱ ደጋፊ ነው፤ ጎል ሲያገቡብን ሳጥኑን እንደ ከበሮ ሲደልቅ ነበር። ክሩን በሻማ አሸ፣ በወስፌ ወጋ፣ በጥርሱ ሳበ። ዙሪያውን ጨረሰና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ዳኛው ፊሽካ እየነፋ ነው።

«አቦ ይበቃል፣ ስጠን!» አልኩት።

ቀና እንኳ አላለም። «አብሽር። ነጠላ ከሆነ ይለቃል። ከዛ ጫማው ነው ያሸነፈን ትላላችሁ።»

2 ለ 1 ተሸነፍን። ሁለተኛዋ ጎል በበረኛችን እግሮች መሀል ሾለከች።

ማታ ዳገቱን ስንወጣ እንደ ልማዳችን ዳኛውን ማማት ጀመርን። መቼም እኛ ሰበብ አጥተን አናውቅም። ከዚያ ሜዳው ተነሳ፣ ሙቀቱም ተነሳ። ጫማውን ግን ማንም አላነሳም። በረኛው ጭኑ ላይ አስቀምጦ ስፌቱን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል።