ውዱን የስፒከር ኬብል ለአራት ወር ከሞከርኩ በኋላ

መስከረም ላይ ከዱባይ የመጣ የስፒከር ኬብል ከአንድ ወር ደመወዜ በላይ አውጥቼ ገዛሁ። የመጀመሪያው ምሽት የክራሩ ክሮች አንድ በአንድ የሚለዩ መሰለኝና በጣም ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጥርጣሬ የገባኝ ኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላ ነው። የድሮው ኬብሌ ከመርካቶ ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመብራት ሽቦ ገዝቼ፣ ሁለቱን አብሬ ጠምዝዤ የሠራሁት ነው። ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ደርሶ መልስ 10 ሜትር፤ የመዳቡ ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪኩ የሚፈጥረው እንቅፋት) 0.07 ኦም ገደማ። ስፒከሬ 8 ኦም ስለሆነ ሽቦው የሚቀንሰው ድምፅ 0.1 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) እንኳ አይሞላም። ባለ 0.5 ቀጭን ሽቦ ቢሆን ግን ቅነሳው ወደ 0.36 ዴሲቤል ይደርሳል፤ በ4 ኦም ስፒከር እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለውፍረት መክፈል ተገቢ ነው። ውፍረት ደግሞ ርካሽ ነው።

ስሌቱ ብቻ አላረካኝም። እህቴ ሳንቲም እየጣለች፣ በወጣላት መሠረት አንዱን ኬብል ታገናኛለች፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የትኛው እንደሆነ እጽፋለሁ። ኬብሉ ባይቀየርም ነቅላ እንድትሰካው ነገርኳት፤ አለበለዚያ ከምትቆይበት ጊዜ አውቅባታለሁ። 16 ጊዜ ሞክረን 9ኙን አገኘሁ። በግምት ብቻ እኮ 8 ይገኛል! 12 ባገኝ አምን ነበር። ከሁሉ የከነከነኝ «ይሄ በእርግጥ ውዱ ነው» ብዬ ካሰመርኩባቸው 5 መልሶች 3ቱ ስህተት መሆናቸው ነው። ያ የመጀመሪያ ምሽት የሰማሁት ልዩነት ከኬብሉ አልመጣም ማለት ነው።

ለወራት ያስቸገረኝ እዝዝታም በኬብል አልተፈታም። ኮምፒውተሩና አምፕሊፋየሩ በተለያየ ሶኬት ስለተሰኩ በግራውንዱ (ከመሬት በሚያገናኘው የደህንነት ሽቦ) በኩል የመብራቱ የ50 ኸርትዝ ድምፅ ይገባ ነበር። ሁለቱንም አንድ ዲቫይደር ላይ ስሰካቸው ጠፋ። እባካችሁ እዝዝታ ለማጥፋት ብላችሁ የግራውንዱን እግር አትቁረጡ፤ ሰው ይገድላል።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ክፍሉ ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ ነበር፤ ሳጨበጭብ ድምፁ ይንጫጫል። ምንጣፍ አነጠፍኩ፣ ወፍራም መጋረጃ ሰቀልኩ፣ ስፒከሮቹን ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር አራቅኳቸው። የሚያጓራው ቤዝ ረገበ፣ የዘፋኙ ቃል ጠራ። እህቴ ምንም ሳልነግራት ከማድ ቤት ሆና «ምን አደረግከው?» አለችኝ። ውዱ ኬብል በተገጠመበት ሳምንት ይህን አላለችም።

በዚህ ሳምንት የጥጥ ፍራሽ የክፍሉ ማዕዘን ላይ አቁሜ ቤዙ ይበልጥ ይረግብ እንደሆነ እሰማለሁ።