ለገና የሚጋገር ሁሉ የየራሱ ቀን አለው

ለበዓል ኩኪስ እጋግራለሁ ስል ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ መጠን ነው፤ ዱቄቱ ስንት፣ ቅቤው ስንት፣ እንቁላሉ ስንት። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ በእኔ እምነት የገና ጣፋጮችን መልካምነት ከመጠኑ ይልቅ የሚወስነው የሚጋገሩበት ቀን ነው። አንዱ በተጋገረ በጥቂት ቀን ውስጥ ካልተበላ ለዛው ይጠፋል፤ ሌላው ደግሞ ሁለትና ሦስት ሳምንት ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ካልቆየ አልደረሰም። ሁሉንም በበዓሉ ዋዜማ በአንድ ሌሊት ለመጨረስ የሚጣደፍ ሰው ግማሹን ያለ ጊዜው፣ ግማሹን ደግሞ ከድካም ብዛት ያለ ጥንቃቄ ጋግሮ ያድራል። ስለዚህ እኔ የበዓሉን ሥራ የምጀምረው ሊጥ በማቡካት ሳይሆን፣ ቀን መቁጠሪያ ፊቴ ዘርግቼ ከበዓሉ ቀን ወደ ኋላ በመቁጠር ነው።

በቆጠራው ቀዳሚ የሚሆነው የማርና የቅመም ኩኪስ ነው። ይህን ገና አራት ሳምንት ያህል ሲቀረው እጀምረዋለሁ። ማሩን በለሰስታ እሳት አሙቄ ከስኳርና ከቅቤ ጋር ካዋሃድኩት በኋላ፣ ለብ እስኪል ጠብቄ ዱቄቱን፣ ቀረፋውን፣ ዝንጅብሉን፣ ቅርንፉዱንና ሄሉን እጨምርበታለሁ። ቅመሙን ተፈጭቶ ከመግዛት ይልቅ እቤት መውቀጥን እመርጣለሁ፤ ተፈጭቶ የቆየ ቅመም መዓዛው እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ለበዓል የተለፋበትን ሊጥ በእንዲህ ያለ ዱቄት ማቡካት ያሳዝነኛል። ይህ ሊጥ እንደተቦካ አይጋገርም። ቢያንስ አንድ ሌሊት ተሸፍኖ ያድራል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ዱቄቱ እርጥበቱን ይጠጣል፣ ቅመሙም ሊጡን ያዳርሳል፣ ማታ እጅ ላይ እየተጣበቀ ያስቸገረውም ሊጥ ጠዋት በመዳመጫው ስር ያለ ችግር ይዘረጋል።

የሚደንቀኝ ግን ከተጋገረ በኋላ የሚሆነው ነው። ይህ ኩኪስ ከምድጃ ወጥቶ ሲበርድ ጥርስን የሚፈትን ደረቅ ነገር ስለሚሆን፣ ጠባዩን የማያውቅ ሰው ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ይችላል። ማር ግን ከአየር ላይ እርጥበትን የመሳብ ባሕርይ አለው፤ በዚህም ምክንያት ኩኪሱ በጣሳ ውስጥ በቆየ ቁጥር እየለሰለሰ ይመጣል፣ መጀመሪያ ላይ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይታወቁ የነበሩት ቅመሞችም ተዋሕደው አንድ ጣዕም ይሆናሉ። መለስለሱን ማፋጠን የሚፈልግ ሰው አንድ ቁራጭ ፖም በወረቀት ላይ አድርጎ ጣሳው ውስጥ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ቁራጩ ሻጋታ እንዳያመጣ ግን ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት።

በዚህ ዓይነቱ ኩኪስ ስሟ ከሁሉ በላይ የሚነሣው ከተማ የጀርመኗ ኑረምበርግ ናት። በመካከለኛው ዘመን የቅመም ንግድ መስመሮች የሚገናኙባት የገበያ ከተማ ነበረች፤ በዙሪያዋ ያለው ሰፊ ደን ደግሞ በንብ አናቢዎቹ የታወቀ ነበር፤ ቅመሙና ማሩ እንዲህ በአንድ ስፍራ ተገናኙ። ሌብኩኸን የሚባለው ይህ ጣፋጭ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የስም ጥበቃ ስላለው፣ የኑረምበርግን ስም ይዞ ሊሸጥ የሚችለው እዚያው የተጋገረው ብቻ ነው። ኤሊዘን የሚባለው ምርጡ ዓይነት ደግሞ ቢያንስ 25 በመቶው እንደ አልሞንድ፣ ሃዘልነትና ዎልነት ካሉ ፍሬዎች የተሠራ መሆን አለበት፤ ዱቄቱም ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም። ይህን ካነበብኩ ወዲህ እኔም ከዱቄቱ ቀነስ አድርጌ በምትኩ የተፈጨ አልሞንድ እጨምራለሁ፤ ኩኪሱ ሲቆረስ ከመፈርፈር ይልቅ ስብ ያለውና እርጥብ ሆኖ ይገኛል፣ በጣሳም ውስጥ የበለጠ ይቆያል።

ጥርሳቸው የደከመ አንዲት አረጋዊት ጎረቤት አሉኝ። ለእሳቸው የምወስደው ሁልጊዜ ከዚሁ ጣሳ ነው። በአንድ ዓመት ከተጋገረ ብዙም ሳይቆይ ወሰድኩላቸውና፣ አንዱን ኩኪስ አንሥተው አውራ ጣታቸውን ጠርዙ ላይ ጫን አደረጉት፤ ጣቱ ምልክት አልተወም። «ልጄ፣ ይሄ ትንሽ ይቆይ» ብለው ሳህኑን በአክብሮት መለሱልኝ። ሰው የሰጡትን ሁሉ አመስግኖ ተቀብሎ ኋላ ከሚጥል፣ ነገሩን አውቆ እንዲህ ቢናገር ምንኛ ይሻላል! ከዚያ ወዲህ የማር ኩኪስ መድረሱን የማውቀው በእሳቸው ዘዴ ነው፤ አውራ ጣት ሲጫነው ጠርዙ ጎድጎድ ብሎ ቀስ እያለ ከተመለሰ ደርሷል።

ከማሩ ኩኪስ ጋር አብሮ የሚጀመር ሌላ ዕድሜ ፈላጊ አለ፤ እርሱም ሽቶለን የሚባለው፣ ዘቢብና አልሞንድ የበዛበት በእርሾ የሚቦካ የገና ዳቦ ነው። ይህ ከምድጃ እንደወጣ ገና ትኩስ ሳለ የቀለጠ ቅቤ በብሩሽ ደጋግሞ ይቀባል፣ በላዩም ዱቄት ስኳር በወፍራሙ ይነሰነስበታል። ቅቤውና ስኳሩ ለጌጥ የተደረጉ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ሥራቸው ግን የውስጡ እርጥበት እንዳያመልጥ ዳር ዳሩን መዝጋት ነው፤ ሳምንታት የሚያቆየውም ይህ ልባስ ነው። ስለ ሽቶለን ቅቤ የሚነገረው ታሪክ ሁልጊዜ ይማርከኛል። በጥንቱ ሥርዓት ከገና በፊት ያሉት ሳምንታት የጾም ወቅት ስለነበሩ ቅቤ ክልክል ነበር፤ ጋጋሪዎችም በዘይት ይሠሩ ነበር። በጀርመን ያለችው የሳክሶኒ መሳፍንት ይህ እንዲነሣላቸው ለሮም ጳጳስ አቤት ብለው፣ በ1491 (እ.ኤ.አ.) ጳጳሱ ኢኖሰንት ስምንተኛ የቅቤ ደብዳቤ ተብሎ የሚታወቀውን ፈቃድ ሰጡ። ዛሬ ማንም ከማቀዝቀዣው አውጥቶ ያለ ሐሳብ የሚቆርሰው ቅቤ በአንድ ዘመን እስከ ሮም ድረስ የተጻፈበት ጉዳይ መሆኑን ሳስብ፣ ብሩሹን ይዤ ስቀባ እጄ አይሰስትም።

በዓሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በታች ሲቀረው ተራው የቅቤ ኩኪስ ይሆናል። ይህ ከማሩ ጋር ጠባዩ ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ ውበቱ በትኩስ ቅቤ ጣዕምና አፍ ውስጥ ሲገባ በሚፈርስበት ልስላሴ ላይ ስለሆነ፣ በቆየ ቁጥር ይደበዝዛል፣ ከብዙ ሳምንት በኋላም ቅቤው መሻገት ይጀምራል። መጠኑ ለማስታወስ የቀለለ ነው፤ አንድ እጅ ስኳር፣ ሁለት እጅ የገበታ ቅቤ፣ ሦስት እጅ ዱቄት፣ ማለትም 100 ግራም፣ 200 ግራምና 300 ግራም። በዚህ ላይ ጨው ቁንጥር ታክሎ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ነገር ግን ዕቃው ትንሽ ስለሆነ የሚደበቅበት ስፍራ የለም፤ ቅቤው መልካም ካልሆነ ኩኪሱም መልካም አይሆንም።

የቅቤው ሙቀት እዚህ ላይ ብርቱ ጉዳይ ነው። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሙሉ በሙሉ ይቀልጣል፤ ከስኳር ጋር ሲመታ አየር ይዞ ነጣ እንዲል ግን ከዚያ እጅግ በታች፣ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ አካባቢ መሆን ይኖርበታል። ጣት ሲጫነው ምልክት መያዝ አለበት፣ ፊቱ ግን ሊያብለጨልጭ አይገባም። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ደግሞ ሊጡን ማሸት መቆም አለበት፤ ብዙ በታሸ ቁጥር በዱቄቱ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባለው አያያዥ ፕሮቲን ስለሚጠነክር ኩኪሱ ከመፈርፈር ይልቅ ይጠጥራል። ሊጡን ሰብስቤ፣ ጠፍጠፍ አድርጌ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ቅቤው መልሶ ሲጠነክር የተቆረጠው ቅርጽ በምድጃ ውስጥ ሳይበተን ይጋገራል፤ ኮከቡ ኮከብ ሆኖ ይቀራል። ጊዜ የሚጠበው ሰው ደግሞ ይህን ሊጥ አስቀድሞ አቡክቶ በፍሪዘር ሊያቆይና በበዓሉ ሰሞን ብቻ ሊጋግረው ይችላል፤ ይህን ለሚሠሩ ሰዎች ሁሉ በልበ ሙሉነት እመክራለሁ፤ የቆየ ሊጥ ትኩስ ኩኪስ ይሰጣል፣ የቆየ ኩኪስ ግን ወደ ትኩስነቱ አይመለስም።

ስለ ምድጃው ብዙ ማለት አልፈልግም፤ 180 ዲግሪ ለአብዛኛው ይበቃል፣ የምድጃው ቁልፍ የሚያሳየውም ሁልጊዜ እውነተኛው ሙቀት ስላልሆነ ትንሽ ቴርሞሜትር ውስጡ ማስቀመጥ ጠቃሚ ነው። አንድ ነገር ግን ሳልጽፍ አላልፍም። የኩኪሱ ጠርዝ ወርቃማ ሲሆን የምናየው ቀለምና ቤቱን የሚሞላው ሽታ በአብዛኛው የሚመጣው በፕሮቲንና በስኳር መካከል ከሚደረግ መዋሐድ ነው፤ ይህንንም በ1912 (እ.ኤ.አ.) የገለጸው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚ ማያር ስለሆነ በስሙ ይጠራል። ይህ ሒደት ኩኪሱ ከምድጃ ሲወጣ ባንድ ጊዜ አይቆምም፤ ትሪው ትኩስ እስከሆነ ድረስ መብሰሉ ይቀጥላል። ስለዚህ ኩኪሱ የሚወጣው ጠርዙ ቀለም ይዞ መካከሉ ገና ፈዘዝ ብሎ፣ ሲነካም ለስለስ ብሎ ሳለ ነው። መካከሉ እስኪጠነክር የጠበቀ ሰው የሚያገኘው ደረቅ ኩኪስ ነው። ጥቂት ደቂቃ ትሪው ላይ ካረፈ በኋላ ወደ ሽቦው ማበረጃ ይዛወራል፤ ትኩሱን ወዲያው ያነሡት እንደሆነ በእጅ ላይ ይሰበራል።

ማስጌጡን ለልጆች እተወዋለሁ። ከእንቁላል ነጭና ከዱቄት ስኳር የሚሠራው ልባስ ሲደርቅ ስለሚጠነክር ለዚህ ይመቻል፤ እንቁላሉ በጥሬው የሚገባ በመሆኑ ግን ለትንንሽ ልጆችና ለነፍሰ ጡሮች በሙቀት የታከመ እንቁላል መጠቀም ያስፈልጋል። ልጆቹ ዛፉን ሰማያዊ፣ ኮከቡን አረንጓዴ ቢቀቡት አላርማቸውም፤ የበዓሉ ጠረጴዛ ላይ ያ ሰማያዊ ዛፍ ከሁሉ ቀድሞ እንደሚነሣ በየዓመቱ አያለሁ።

በመጨረሻው ሰሞን የሚጋገረው የእንቁላል ነጩ ሜሬንግ ነው። ከ100 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከመጋገር ይልቅ ይደርቃል ማለት ይቀላል፤ ስኳር ስለበዛበት ግን አየሩን እርጥበት ከነካው በሰዓታት ውስጥ ይጣበቃል። አስቀድሞ መሥራቱ ትርፍ የለውም፤ ከተሠራም በደንብ በሚገጥም ዕቃ ለብቻው ይቀመጥ።

ለብቻ መቀመጥ ስል ይህ ለሁሉም የሚሠራ ነው። ለስላሳውን የማር ኩኪስና ደረቁን የቅቤ ኩኪስ በአንድ ጣሳ ያስቀመጠ ሰው ሁለቱንም ያጣል፤ እርጥበቱ ከለስላሳው ወደ ደረቁ ይሄድና አንዱ ይደርቃል፣ ሌላው ይልፈሰፈሳል። የቅመሙም ሽታ ቅቤውን ይውጠዋል። ስለዚህ ጣሳ ሲያልቅብኝ ሌላ ዓይነት ከመጨመር እቆጠባለሁ። ብዙ ዓይነት የተደረደረበት ትሪ ለዓይን ያምራል፤ እኔ ግን በየጊዜያቸው የተሠሩ ሦስት ወይም አራት ዓይነቶችን በተቻኮለ ድርድር አልለውጥም። ሰው ቤት የምንወስደው ድካማችንን ስለሆነ ድካሙ በሚገባው ነገር ላይ ቢውል ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ዘንድሮ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሬያለሁ። ለሰው በምሰጠው በእያንዳንዱ ጣሳ ክዳን ላይ የተጋገረበትን ቀንና መቼ ቢበላ እንደሚሻል በትንሽ ወረቀት ጽፌ እለጥፋለሁ፤ በማሩ ላይ «ከገና በፊት አይከፈት»፣ በቅቤው ላይ «በዚህ ሳምንት ይበላ»፣ በሽቶለኑ ላይ ደግሞ «ከመካከል ይቆረስ፣ ከዚያም ሁለቱ ወገን ገጥሞ ይጠቅለል» እላለሁ፤ የተቆረጠው ፊት እንዳይደርቅ የሚያደርገው ይህ ነውና። የጎረቤቴ ጣሳ ግን ወረቀት አያስፈልገውም።